ደወሉ ይጮህ ነበር

በባለቤቴ መቃብር አጠገብ ቆሜ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ሰማሁ። የዕድራችን ጸሐፊ ወጣት ነው፤ ድምፁ ያምራል፤ ሲያነብም አይደናቀፍም። ድሬዳዋ መወለዱን፣ እዚያው የባቡር ሙያ መማሩን፣ ባሕር ዳር መጥቶ ትዳር መያዙን፣ ልጆች ወልዶ ማሳደጉን በትክክል አነበበ። ቀጥሎም፣ «በደርግ ጊዜ የሐዲድ ማቋረጫውን ደወል በመፍታቱ የአንዲት እናት እግር እስከ መቆረጥ ቢደርስም፣ ጥፋቱን አምኖና ተጸጽቶ ሕዝቡን በቅንነት ያገለገለ ሰው ነበር» አለ። የቆመው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ይቅር ብለነዋል እንደ ማለት ነው።

ገና አፈር ሳይለብስ ስሙን ጭቃ ቀቡት። ውሸት ነው ልል አፌን ስከፍት፣ ሴቶቹ ሐዘኑ የጸናብኝ መስሏቸው ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙ። አንዷም የነጠላዬን ጫፍ ሰብስባ አፌ ላይ አደረገችልኝ። እንዲያ እንደ ያዙኝ ተቀበረ፤ እኔንም እንዲያ እንደ ያዙኝ ወደ ቤት መለሱኝ።

ይህን የምጽፈው በቀስታ ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ እጄም እንደ ድሮው አይታዘዝልኝም። አባቴ ደቅ ደሴት ላይ የዜማ መምህር ነበሩ። ሴት ልጅ ምን ታደርግበታለች ሲሏቸው ሳይሰሙ ፊደል አስቆጥረውኛል፣ ዳዊት አስደግመውኛል። ሲያስተምሩ የሚቆጡት ቃል ሲረሳ አልነበረም፤ የኋላው ሲቀድም ነበር። «የረሳሽው ይታወስሻል፤ ያፋለስሽው ግን ትክክል ሆኖ ይቀራል» ይሉ ነበር። የባለቤቴ ታሪክ የተበላሸው እንደዚያ ነው። የጎደለ ነገር የለውም። የኋላው ቀድሞ ነው።

ሴትዮዋ እግሯን ያጣችው ደወሉ እየጮኸ ነው። ባለቤቴ ደወሉን የፈታው ከዚያ በኋላ ነው። የምለው ይህን ብቻ ነበር። ብቻውን ብናገረው ግን የሚገባው ሰው ስለሌለ ከመነሻው እናገራለሁ።

ባሕር ዳር ሐዲድ ነበራት ስል የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። ረጅም አልነበረም፤ ከወደቡ ተነሥቶ እስከ መንግሥት መጋዘን ድረስ ብቻ ነው። ከጎርጎራና ከደቅ በጀልባ የሚመጣውን እህልና እንጨት አንዲት አጭር ሞተር በፉርጎ እየጎተተች ታመላልሳለች። ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ፍጥነቷ ከበቅሎ ሶምሶማ አይበልጥም። ሰው ዝግታዋን እያየ ናቃት። ክብደቷን የሚያይ አልነበረም፤ እህል የተጫነ ፉርጎ ከኋላ እየገፋት እቆማለሁ ብትል እንኳ እንደማትቆም የሚያውቅ ባለቤቴና ሹፌሯ ብቻ ነበሩ።

ሐዲዱ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ያቋርጣል። የባለቤቴ ሥራ እዚያ ማቋረጫ ላይ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በሁለቱም ላይ ቀይ መብራት አለ። በወደቡ በኩል ባለው ምሰሶ ላይ ከመብራቱ ከፍ ብሎ የናስ ደወል ተሰቅሏል፤ ትልቅነቱ ድፎ ዳቦ ያህላል። መንገዱን የሚዘጋ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም የእንጨት ክንድም ነበር፤ ግርጌው ላይ የብረት ክብደት ስላለው እኔም በአንድ እጄ አውርጄው አውቃለሁ። ባቡሯ ስትነሣ ጎማዋ ሐዲዱ ጎን ያለች ብረት ይረግጣል፤ ያን ጊዜ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት፣ ደወሉም መጮህ ይጀምራል። ኤሌክትሪክ በጠፋ ቀን በእጅ የሚደወልበት ሰንሰለት ደግሞ ከደወሉ ላይ ተንጠልጥሎ ሰው እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ድረስ ይወርዳል። መዓቱን ያመጣው ያ ሰንሰለት ነው።

ባለቤቴ እነዚህን ነገሮች እንደ ከብት ይንከባከባቸው ነበር። መስተዋቱን በጋዝ ይወለውላል፣ የክንዱን ማጠፊያ ቅባት ያጠጣል፣ ከደወሉ ሥር ቆሞ ጆሮውን ያቀናል። እኔ ሚስቱ ስስቅበት፣ «ሰው ሐዲድ ላይ ሲደርስ ራሱን ለእነዚህ አደራ ሰጥቶ ነው የሚያልፈው፤ አደራ መሆኑን ግን አያውቀውም» ይለኝ ነበር። ሲናገር ረጅሙ ይኸው ነው። ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

አብዮቱ ሲመጣ ደስ ካላቸው አንዱ እሱ ነበር። አባቱ ሐረርጌ ውስጥ የሰው መሬት ሲያርሱ ነው የሞቱት፤ መሬት ለአራሹ ሲባል ተቀምጦ አልቅሷል። ስለዚህ ለአብዮት በዓል መፈክር መስቀያ ረጅም እንጨት ጠፋ ብለው ከቀበሌ ሲመጡበት፣ የማቋረጫውን ክንድ ራሱ ፈትቶ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ እየሳቀ ወሰደላቸው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሊያመጣው ቢሄድ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ «ጓድ፣ ያ እንጨት እኮ አሁን መፈክር ተሸክሟል። ልታወርደው ነው የመጣኸው?» ብሎ ጠየቀው። በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ባለቤቴም ቀልድ መስሎት አብሮ ስቆ ባዶ እጁን ተመለሰ። ማታ ሲነግረኝ እኔ አልሳቅሁም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለተኛ ሲጠየቅ ቀልድ እንደማይሆን ያን ጊዜ ሁሉም ሰው እየተማረ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ሞኝ ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀልለኝ ነበር። ሞኝ አልነበረም። አስተማሪ የነበረ፣ ሰው በስሙ የሚጠራ፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነበር። የሚሠራውን ያውቅ ነበር፤ ለዚህም ነው የምጠላው።

ከክንዱ ቀጥሎ መብራቱ ተራው ደረሰ። ቀይ ለአብዮቱ ያምራል ተባለና በበዓል ቀን ከጧት እስከ ማታ እንዲበራ ታዘዘ። በዓሉም ብዙ ነበር። ባለቤቴ፣ «ሁልጊዜ የሚበራ ቀይ መብራት ከጠፋው በምን ይለያል?» አለኝ። ለእኔ አለኝ እንጂ ለእነሱ አላለም። ክንዱ ሄደ፣ መብራቱም ሰው ለመደውና ቀና ብሎ የሚያየው ጠፋ። ደወሉ ብቻ ቀረ።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤቱን ያደረገው ከባለጸጋ በተወረሰ ቤት ነው፤ ቤቱ ከሐዲዱ ማዶ፣ ከሐይቁ ዳር ነው። ስብሰባው በግቢው ዋርካ ሥር ይደረጋል። እኛ ሁላችን የምንኖረው ደግሞ ከሐዲዱ ወዲህ ነው። ስብሰባ የሌለበት ሳምንት አልነበረም። መጀመሪያ በድምፅ ማጉያ እየዞሩ ይጠሩ ነበር፤ ማጉያው ተበላሸ። ከዚያ አንድ ቀን ሊቀ መንበሩ አንድ የአብዮት ጥበቃ ልኮ የደወሉን ሰንሰለት አስጎተተ። ድምፁ ሹም አቦ ሰፈር ድረስ ተሰማ። ሰዉ ምን መጣ ብሎ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ተደሰተ፤ ከዚያ ወዲያ የማቋረጫው ደወል የስብሰባ ደወል ሆነ።

ስም ሲጠራ ያልተገኘ የወሩ ስኳር ይቀርበታል። ይህን ያላየ ሰው አይገባውም። ስኳሩን ለልጅ አጥሚት የምትፈልግ፣ ለታመመ የምትፈልግ፣ ለተሻለ እህል የምትለውጥ ሴት ሁሉ ደወሉ ሲጮህ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። የምትዘገየውን ጎረቤት፣ «ሩጪ እንጂ፣ ስኳርሽ ሟሟ» እያልን እንሳሳቅ ነበር። ወዴት ነው የምንሮጠው? ወደ ሐዲዱ። በፊት ያ ደወል ሲጮህ ሰው ይቆም ነበር። አሁን ያ ደወል ሲጮህ ሰው ይሮጣል፤ የሚሮጠውም በሐዲዱ ላይ ነው። ባቡሯም ስትነሣ የሚጮኸው ያው ደወል ነው።

ባለቤቴ ይህን ሲያይ እንቅልፍ አጣ። ሄዶ ሊቀ መንበሩን ለመነ። ትምህርት ቤት እንደሚያደርጉት አሮጌ የመኪና ቸርኬ ከዋርካው ላይ ቢሰቀልና በብረት ቢመታ ድምፁ እንደሚበቃ አስረዳ። ቸርኬውንም ከጋራዥ ለምኖ፣ በትከሻው ተሸክሞ ወስዶ ከፊቱ አኖረለት። ሊቀ መንበሩ ቸርኬውን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ «ሰፊው ሕዝብ በቸርኬ አይጠራም» አለው። ቸርኬው ዶሮ ውኃ የሚጠጣበት ሆኖ እዚያው ግቢ ቀረ። ኋላ ባለቤቴ ታስሮ ስንቅ ሳመላልስለት በየቀኑ አየው ነበር።

አደጋው የደረሰ ቀን እኔም እየሮጥሁ ነበር። ልጄን አዝያለሁ። ከእኔ ጥቂት ቀደም ብላ ከሰፈራችን ዓሣ የምትሸጥ ሴት ትሮጣለች፤ እጇ ገና ቅርፊት አለበት፣ መታጠቢያ ጊዜ አልነበራትም። ጧት ዘንቦ ነበር፤ ሐዲዱ ርጥብ ነው። የአብዮት ጥበቃው ከምሰሶው ሥር ቆሞ ሰንሰለቱን ይጎትታል፤ ፊቱ ወደ እኛ ነው፣ ጀርባው ወደ ወደቡ። ባቡሯ በወደብ በኩል ስትመጣ አላያትም። ደወሉ ለስብሰባው ይጩህ፣ ለባቡሯ ይጩህ፣ እኛም አላወቅንም፤ እሱም አላወቀም። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፍቷል። ሴትዮዋ ሰምታ ዞር ስትል እግሯ ርጥቡ ሐዲድ ላይ አዳለጣት።

ሹፌሩ ያቆማት አልፏት ነው። ቅባት ሊያመጣ ሄዶ የነበረው ባለቤቴ ከመጋዘኑ በኩል እየሮጠ መጣ፤ የሱሪውን ቀበቶ ፈትቶ ከጉልበቷ በላይ አሰረላት። የፈረስ ጋሪ አስቁመን ወደ ሐኪም ቤት ጫንናት፤ እኔም ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ አብሬ ሄድሁ። ደወሉ ያን ጊዜም ይጮህ ነበር። ያ ልጅ ሰንሰለቱን እንደ ያዘ፣ እጁን ማቆም ጠፍቶበት፣ እያየን ይጎትት ነበር።

ስብሰባው አልተቋረጠም። ስም ተጠራ። የእኔ ስም ሲጠራ አልነበርሁም፤ የዚያን ወር ስኳር ተከለከልሁ። የእሷም ስም ተጠርቶ «የለችም» ተብሏል። ይህን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፤ እየሳቀች ነበር የነገረችኝ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተቆረጠባት።

በማግስቱ ባለቤቴ መሰላል አቁሞ ወጣና የደወሉን ምላስ፣ ከውስጥ የሚመታውን ብረት፣ ፈታው። ሰንሰለቱንም አወረደ። ሁለቱንም በአሮጌ ሸማ ጠቅልሎ አምጥቶ ከአልጋችን ሥር አኖረ። ከዚያ ቀይ ጨርቅ እንጨት ላይ ቋጥሮ፣ ባቡሯ በምትነሣበት ጊዜ ሁሉ መንገዱ መሐል ይቆም ጀመር። ሰው ሲመጣ ያቆማል፤ ባቡሯ ስታልፍ ያሳልፋል። አንድ ቀን በስብሶ፣ አንድ ቀን ጠቁሮ ይገባል፤ ዝናብም ፀሐይም አልለየውም። ደስተኛ ነበር ማለት እችላለሁ።

ደወል ግን አልነበረም። ከበላይ የተላኩ እንግዶች በመጡበት ቀን ሰው እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ ያ የአብዮት ጥበቃ ልጅ ሊደውል ቢሄድ የሚጎተት ነገር አጣ። ዋርካው ሥር የተገኙት ሊቀ መንበሩ፣ እንግዶቹና ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ባለቤቴን የወሰዱት በዚያው ቀን ከምሳ በፊት ነው። ቀይ ጨርቁን እጁ ላይ እንደ ያዘ ነው የወሰዱት። ቤቴ ገብተው አልጋውን ገለበጡ፤ ምላሱንና ሰንሰለቱን አወጡ። አንዱ ልጄን አይቶ፣ «አባትሽ ደወል ሌባ ነው» አላት። ልጄ ገና አፏን አልፈታችም ነበር።

ስብሰባ ባዶ ቀረ ብሎ ሰው መክሰስ ያሳፍራል። ስለዚህ ክሱ ሌላ ሆነ። ደወሉን በመፍታት በሰፊው ሕዝብ ላይ አሻጥር ፈጽሟል፤ በእሱ ምክንያት አንዲት ምስኪን ሴት እግሯን አጥታለች ተባለ። በሁለት ቀን መካከል ያለው ቅደም ተከተል ተገለበጠና አለቀ። ዓይቻለሁ ብዬ ሄድሁ። አጠገቧ ነበርሁ፣ ደወሉ እየጮኸ ነበር፣ ሰንሰለቱን የያዘው ልጅ ምን እንደሚመስል እስከ ጣቱ ቀለበት ድረስ እነግራችኋለሁ አልሁ። ሊቀ መንበሩ ወንበር አስመጣልኝ፣ በትሕትና አስቀመጠኝ፣ ጨርሼ እስክናገር አዳመጠኝ። ከዚያ፣ «እህቴ፣ ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ማን ይፈርድባታል?» አለኝ። በሩ ድረስ ሸኘኝ።

እስር ቤቱ እዚያው ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ከወረሱት ቤት ጀርባ ያለ መጋዘን ነበር። ስንቅ በየቀኑ እወስድ ነበር። ጥበቃው እንጀራውን በእንጨት ይወጋጋዋል፣ ወጡን ያማስለዋል፣ ይስቃል። ምላሱን መልሰው ደወሉ ላይ አስገብተውታል፤ ስብሰባም በደወል ይጠራል፤ ባቡሯም ትመላለሳለች፤ ቀይ ጨርቅ ይዞ የሚቆም ሰው ግን የለም። እኔ ሰሐኑን በአንድ እጄ፣ ልጄን በጀርባዬ ይዤ በዚያ ሐዲድ አልፋለሁ። ለራሴ አላሰብሁም። ተናድጄ ስለምሄድ ግራ ቀኝ ማየት ትዝ አይለኝም ነበር።

ከዚያ ሂስና ግለ ሂስ የሚሉት ስብሰባ ተጠራ። ባለቤቴን አመጡት። ውስጥ እግሩን ገርፈውት ስለነበር ሲራመድ መሬቱ የሚፋጅ ይመስል ነበር። ዓሣ ሻጯንም አምጥተው ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል፤ ክራንቿን ጭኗ ላይ አጋድማለች። እሱ ቆሞ፣ ሁላችንንም አይቶ፣ እንዲህ አለ፦

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ደወሉን በመፍታቴ ጓዲት እግሯን አጥታለች። ሕዝቡን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ «እንዲህ አይደለም እንዴ?» አላት። እሷ መሬት መሬት አየች። ዝምታዋ እሺ ሆኖ ተቆጠረ። ሰዉ አጨበጨበ። ሲሮጡ የነበሩት፣ ያን ቀን ከእኔ ጋር በዚያው ሐዲድ ላይ ሲሮጡ የነበሩት ሴቶች አጨበጨቡ። ደወሉን በጆሯቸው ሰምተውታል፤ ስኳራቸውን አስበው አጨበጨቡ። እኔ እጄን ከነጠላዬ ውስጥ አላወጣሁም። ሴትዮዋ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቀበሌው ሱቅ ተቀጠረች፤ ስኳሩን የምትመዝነው እሷ ሆነች።

ባለቤቴን ፈቱት። ቅጣቱ ግን ነበረ፤ የማቋረጫ ሠራተኛነቱ ቀርቶ የስብሰባ ደወል መቺ እንዲሆን ተፈረደበት። ሊቀ መንበሩ ይህን ሲያውጅ ፈገግ ብሎ ነበር። ሰዉም ሳቀ።

ቤት ከገባ በኋላ እግሩን በሞቀ የጨው ውኃ እያጠብሁ ለምን እንዲያ አልህ ብዬ ጠየቅሁት።

«እዚያ ውስጥ ሆኜ ደወሉ ሲጮህ እሰማለሁ» አለኝ። «የስብሰባው ይሁን የባቡሯ መለየት አልችልም። አንቺ ስንቅ ይዘሽ የምትመጪው በዚያ ነው። ልጅቱ ጀርባሽ ላይ ናት። እዚያ የሚቆም ሰው የለም።»

«ስምህንስ?»

«ስሜን ይውሰዱት።»

«ስምህ እኮ የእኔም ነው፤ የልጅህም ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ። ስለዚህ ነገር ከዚያ ቀን በቀር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እኔም ለሌላ ሰው እንድናገር አልፈቀደልኝም። ስለዚህ ቁጣዬ በሊቀ መንበሩ ላይ ብቻ አይደለም። በእሱም ላይ ነው። ስሙን ለእኔ ብሎ ሲሰጣቸው እኔን አልጠየቀኝም። ከሞተ በኋላም ይህን ልተውለት አልቻልሁም።

የተፈረደበትን ሥራ ሠራ። ሐዲዱ ለመኪና ተብሎ እስኪነቀል፣ ከተነቀለም በኋላ የደርግ መንግሥት እስኪወድቅ ድረስ ሠራው። እንዴት እንደ ሠራው ያየሁ እኔ ነኝ። ሰንሰለቱን ከመንካቱ በፊት ሐዲዱ መሐል ገብቶ ወደ ወደቡ ያያል፤ ዞሮ ወደ መጋዘኑ ያያል። ከሹፌሩ ጋር ተስማምተዋል፤ እሱ ቀይ ጨርቁን ሳያውለበልብ ሞተሯ አትነሣም። ከዚያ ብቻ ይደውላል። ሰዉ እየሮጠ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ «ምላሱን ዛሬ አልሰረቅህም?» እያለ ይቀልድበታል። አንዷ በልጇ እጅ ጠጠር አስወርውራበታለች። እሱ ቆጥሮ እንደሚያሳልፍ እረኛ እስከ መጨረሻዋ ዘግይታ የምትመጣ ሴት ድረስ እያየ ያሳልፋቸዋል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሐዲድ ላይ ሰው አልተነካም። ያልደረሰ አደጋ ግን ምስክር የለውም። በሕይወት ታሪክ ላይም አይነበብም።

መንግሥት ተለወጠ። ሊቀ መንበሩ ጥቂት ታስሮ ወጣ። ዛሬ ነጭ ጋቢ ይለብሳል፣ መቋሚያ ይይዛል፣ የዕድራችን ሽማግሌ ነው። ሌላው ሰው «እሳቸው» ይለዋል። እኔ እሱ ነው የምለው።

ለለቅሶ ከመጡት መካከል ዓሣ ሻጯ ነበረች። ክራንቿን በር ላይ አስደግፋ ከጥግ ተቀመጠች። ሌሎቹ ለምሳ ሲነሡ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«መቃብሩ ላይ የተነበበውን ሰምተሻል?» አልኋት።

«ሰምቻለሁ፣ እቴ።»

«እውነት ነው?»

የነጠላዋን ጥለት አሻሸች። «አይደለም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ዋርካው ሥር፣ በሕዝብ ፊት ተጠይቀሻል። እኔ ነበርሁ።»

«እሱ ጥያቄ ነበር?» አለችኝ።

ከቤቴ ውጪ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ቀጠለች። «ባልሽ በሱቁ በር ባለፈ ቁጥር እንደምን አደርሽ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ቀና ብዬ ዓይኑን አይቼ መልሼለት አላውቅም። ስኳሩን ስመዝን ነው የኖርሁት።» ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔ አላባበልኋትም። ላባብላትም አልፈለግሁም። አብረሽኝ ዕድሩ ስብሰባ ላይ ትመጪያለሽ አልኋት። እመጣለሁ አለችኝ።

ባል ሲሞት የዕድር አባልነቱ ወደ ሚስት ይዞራል። ስለዚህ በወሩ ስብሰባ በራሴ አባልነት ተነሥቼ የመናገር መብት ነበረኝ። ተናገርሁ። ጸሐፊውን ያን ቃል ማን ነገረህ ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ አንገቱን ሰበረና ዓይኑን ወደ ሽማግሌዎቹ ወንበር ሰደደ። ሊቀ መንበር የነበረው ሰው በመቋሚያው ተደግፎ፣ «እህቴ፣ ሙት አይወቀስም፤ እኛም እግዜር ይማረው ብለን ሸኝተነዋል። ያለፈውን አናንሣ» አለ። ድምፁ እንደ ጥንቱ ለስላሳ ነው።

«እናንተ አነሣችሁት» አልሁት። «በመቃብሩ ላይ።»

ከሴቶቹ በኩል ክራንች ሲያንኳኳ ተሰማ። ዓሣ ሻጯ ተነሥታ ቆመች።

«ደወሉ ይጮህ ነበር» አለች። «ስለ ጮኸ ነው የሮጥሁት። የሚደውለው አንተ የላክኸው ጥበቃ ነበር፤ የጠራኸኝም አንተ ነህ። የእሷ ባል እግሬን አሰረልኝ እንጂ አልቆረጠኝም።»

ካጨበጨቡት ሴቶች መካከል እዚያ የነበሩ ነበሩ፤ ማንም ቀና አላለም። እሱ መቋሚያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። የዕድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «መልካም፣ ተሰምቷል» አለ። ቀጥሎ የድንኳኑ ጉዳይ ተነሣ። ድንኳኑ ተቀድዷል፣ ይሰፋ ወይስ አዲስ ይገዛ ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ረጅም ነበር። ሁሉም ሰው የሚናገረው ነበረው። የባለቤቴ ስም ግን አንድ ጊዜ ተሰማና አለፈ። የሕይወት ታሪክ ሁለተኛ ጊዜ አይነበብም፤ ሬሳው የለም፣ ሕዝቡ የለም፣ የሚቆምበት መቃብርም ሣር አብቅሏል።

ድንኳኑን ትተንላቸው ሁለታችን ወጣን። እሷ በክራንች ስለምትሄድ እኔም ቀስ አልሁ። ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ስንደርስ ሐዲድ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመች። ሐዲዱ የለም፤ አስፋልት ነው። ከሁለቱ ምሰሶዎች አንዱ ቀርቷል፤ አንዲት ቆሎ ሻጭ የፀሐይ ጥላዋን አስራበታለች። ዓሣ ሻጯ ወደ ወደቡ አየች፤ ከዚያ ዞራ መጋዘን ወደ ነበረበት አየች። ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እኔም አየሁ፤ በወደቡ በኩል፣ በመጋዘኑም በኩል። ከኋላችን ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «እማማ፣ ምን መጣ ብላችሁ ነው የምትቆሙት?» አለ።

«ይቆይ» አለችኝ፣ ዞር ሳትል።

አጥርተን እስክናይ ቆምን። ከዚያ ክንዷን ይዤ ተሻገርን።